የካራቫን ጎማ ኩሽኔታና ኦይል ሲል አመራረጥ፦ በስም ሳይሆን በቁጥርና በልኬት

በአውስትራሊያ የሚኖር የካራቫን ባለቤት የጎማ ኩሽኔታ ሊገዛ ወደ ተጎታች መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ሆልደን ነው ፎርድ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ካራቫኑን የሚጎትተውን መኪና የሚመለከት መስሎት የሚመልስ ሰው ጥቂት አይደለም። ሁለቱ ስሞች ግን የሚያመለክቱት በተጎታች ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትና በአክስሉ ዘንግ ላይ የሚሽከረከረው ክፍል) ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲገጠሙ የኖሩ ሁለት የኩሽኔታ ቤተሰቦችን ነው። ፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016፣ ሆልደን ደግሞ በ2017 በአውስትራሊያ መኪና መሥራት ቢያቆሙም ስማቸው በኩሽኔታው ላይ ቀርቷል። የሆልደኑ ዓይነት በሱቅ ቋንቋ «ኤል ኤም»፣ የፎርዱ ደግሞ «ስሊምላይን» ይባላል።

በሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈሮች የራሴንና የወዳጆቼን ተጎታች ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። በነዚህ ዓመታት ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በእጅ ሥራ ጉድለት ሳይሆን የተሳሳተ ዕቃ በመግዛት ነው። ስም ለወሬ ያገለግላል፤ ለግዢ የሚያስፈልገው ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ስለመሆኑ ደግሞ የሚመሰክረው የዘንጉ ልኬት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረው በዚህ መሠረት ነው።

በቅድሚያ የሞዞው ዓይነት ይለይ

የአቧራ መከላከያ ቆቡን አውልቀው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ዙሪያው እንደ ዘውድ የተጎረደ ዳዶ በኮፒሊያ ተይዞ ካገኙ፣ ያለዎት ሾጣጣ ሮለር ያለው፣ የሚፈታና ግራሶ የሚቀባ ኩሽኔታ ነው። እንዲህ ባለው ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ ትንሹ ከውጭ በዳዶው በኩል፣ ትልቁ ከውስጥ በአክስሉ በኩል ይቀመጣል፤ ከትልቁ ኋላ ደግሞ ግራሶው እንዳይወጣ፣ አቧራና እርጥበትም እንዳይገባ የሚከለክለው ኦይል ሲሉ አለ። እያንዳንዱ ኩሽኔታ በበኩሉ ሁለት ክፍል አለው። ሮለሮቹን ይዞ ዘንጉ ላይ የሚገባው «ኮን»፣ በሞዞው ውስጥ ተመትቶ የሚቀመጠው የውጭ ቀለበት «ካፕ» ይባላል።

ኮፒሊያ የሌለው፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ካዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ በአብዛኛው እንደ አል-ኮና ኖት ባሉ የጀርመን አምራቾች አክስል ላይ የሚገኘውና ከአውሮፓ የመጡ ካራቫኖች የሚይዙት፣ ግራሶው በፋብሪካ ተሞልቶ የታሸገ አንድ ወጥ ኩሽኔታ ነው። ለመለየት መነሻው አክስሉ ላይ ያለው ሰሌዳና ታምቡሩ ላይ የታተመው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ በአል-ኮ ታምቡር ላይ 2051 የሚለው ቁጥር የሚያመለክተው 200 በ50 ሚሊሜትር የሆነውን ፍሬን ነው። ኩሽኔታው ራሱ የሚጠራው በሦስት ልኬቶች ሲሆን እነርሱም የውስጥ ቀዳዳው፣ የውጭ ስፋቱና ወርዱ ናቸው። 34 በ64 በ37 እንዲሁም 39 በ72 በ37 ሚሊሜትር የሆኑት በብዛት ይገኛሉ፤ የሁለቱ ወርድ እኩል ስለሆነ ወርዱን ብቻ ለክቶ ማዘዝ አያዋጣም።

ሁለቱን ዓይነቶች ማነጻጸር የሚጠቅመው ገና ካራቫን ለሚገዛ ሰው ነው፤ አንዴ ከተገዛ በኋላ ምርጫውን አክስሉ ጨርሶታልና አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። የታሸገው በየዓመቱ ግራሶ አይጠይቅም፣ የዳዶ ማስተካከል ጥበብም አይፈልግም። ሲበላሽ ግን ከታምቡሩ ለማውጣትና አዲሱን ለማስገባት ፕሬስ ያስፈልጋል፤ አል-ኮ ዳዶው በ290 ኒውተን ሜትር እንዲጠብቅ ስለሚያዝዝም ረጅም የቶርክ ቁልፍ መኖር አለበት፤ ዳዶው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል በተፈታ ቁጥር አዲስ ይገዛል። የሚፈታው ዓይነት በ12 ወር ወይም በ10,000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ተከፍቶ መታጠብና በአዲስ ግራሶ መሞላት አለበት፤ ይሁንና በመዶሻ፣ በናስ ዘንግና በአንድ ቁልፍ መንገድ ዳር ሊቀየር ይችላል፣ ዕቃውም በትንሽ የገጠር ከተማ እንኳ አይጠፋም። እንደ ናላርቦር ባለው ረጅም ጠፍ ለሚጓዝ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው የሚፈታውን ነው።

ኤል ኤም እና ስሊምላይን፦ በውጭ አንድ፣ በውስጥ ሁለት

ዋናው መሳሳቻ እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለው እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ኤል ኤም በሚባለው ቤተሰብ ትንሹ ኩሽኔታ ኤል ኤም 11949 ኮን ከኤል ኤም 11910 ካፕ ጋር ሲሆን፣ ትልቁ ኤል ኤም 67048 ኮን ከኤል ኤም 67010 ካፕ ጋር ነው። በስሊምላይን ትንሹ ኤል ኤም 12749 ከኤል ኤም 12710፣ ትልቁ ኤል 68149 ከኤል 68110 ጋር ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች የትንሹ ካፕ የውጭ ስፋት በትክክል እኩል 45.237 ሚሊሜትር ነው፤ የትልቁም እንዲሁ እኩል 59.131 ሚሊሜትር ነው። የሚለያዩት በውስጥ ቀዳዳቸው ነው። የኤል ኤም ትንሹ ኮን 19.05፣ ትልቁ 31.75 ሚሊሜትር ዘንግ ይቀበላል፤ የስሊምላይን ትንሹ 21.986፣ ትልቁ 34.987 ሚሊሜትር ይቀበላል። ስለዚህ የአንዱ ካፕ በሌላው ሞዞ ውስጥ ያለ አንዳች ቅሬታ ገብቶ ይቀመጣል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሞዞው ወደ ዘንጉ ሲመለስ ነው።

ከስሙ የሚመነጭ ሌላ ወጥመድም አለ። የስሊምላይን ትንሹ ኩሽኔታ ቁጥሩ ራሱ የሚጀምረው «ኤል ኤም» በሚሉት ፊደላት ነው። ሾጣጣ ሮለር ያለውን ኩሽኔታ ሄንሪ ቲምከን በ1898 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ካስመዘገቡበት በኋላ በስማቸው የተቋቋመው ኩባንያ ባስለመደው አቆጣጠር «ኤል» ቀላል፣ «ኤል ኤም» ደግሞ በቀላልና በመካከለኛ መሃል ያለ የጭነት ደረጃ ማለት ነው። ፊደላቱ ስለ ሆልደን የሚናገሩት ነገር የለም። «ኤል ኤም» የሚለው የሱቅ ስም የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ የሆነው በአውስትራሊያ ልማድ ብቻ ነው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ወጥመድ የወደቀው ለፈረንጆች ፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ሊወጣ በተዘጋጀበት ሐሙስ ማታ ነበር። አሮጌውን ትንሹን ኩሽኔታ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ፊደላቱን አንብቧል፤ ከዚያም አሮጌውን ኩሽኔታ ቤት ውስጥ ትቶ ሱቅ ሄዶ «የኤል ኤም ሙሉ ጥቅል» ብሎ ጠየቀ፤ ሻጩም የተጠየቀውን ሰጠው። ልረዳው ስደርስ አራቱን ካፖች አስገብቶ ጨርሶ ነበር። «ወንድሜ፣ እንደ ቅቤ ነው የገቡት» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ የመዶሻው ድምፅ ተለውጦ ጠንከር እስኪል ድረስ እየመታ በደንብ አስቀምጧቸዋል። ትልቁን ኮን አንስቼ ወደ ዘንጉ ሳስጠጋው ግን አፉ ላይ ቆመ። ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ ካሊፐሩን ዘንጉ ላይ ስናደርገው 34.95 አነበበ፤ በእጄ የያዝኩት ኮን 31.75 ነበር። አሮጌውን ትንሹን ኩሽኔታ በፋኖስ ብርሃን አዙረን ስናነብ ቁጥሩ 12749 ነው። ካፖቹ ሁሉ እንደገና ተመትተው ወጡ፤ በማግስቱ ስቅለት ስለነበር ሱቁ የተከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሦስቱ ልጆቹ ዓርብን ያሳለፉት ግቢ ውስጥ በቆመው ካራቫን ውስጥ ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተት ከዚህ የከፋ ነው። የስሊምላይን ኮን በኤል ኤም ዘንግ ላይ ይገባል፤ ወደ 3 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት እየተወ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይቆምም። ልምድ የሌለው ሰው ዳዶውን ሲያጠብቅ ክፍተቱ የጠፋ ይመስለዋል። እንዲህ የተገጠመ ጎማ መንገድ ላይ አያምኑትም።

ስለ ጭነት ሲነሳ፣ ኤል ኤም በቀላል ተጎታችና በትንሽ ካራቫን፣ ስሊምላይን ከፍ ባለው ላይ ይገኛል። ከሁለቱ በላይ «ፓራለል» የሚባል፣ የትልቁና የትንሹ ኩሽኔታ መጠን የተቀራረበበት ዓይነት በከባድ ካራቫኖች ላይ አለ። ከባዱ ይሻላል ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ግን አይቻልም፤ ኩሽኔታውን የሚወስነው ዘንጉ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም

ከስሊምላይን ጋር በቅርበት የሚምታታ ሌላ ጥንድ አለ። ኤል 68149 ኮን ከሁለት የተለያዩ ካፖች ጋር ይሠራል፤ ኤል 68110 የውጭ ስፋቱ 59.131፣ ኤል 68111 ደግሞ 59.975 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች በመሆኑ በዓይን አይለይም። ትንሹ ካፕ በሰፊው ሞዞ ውስጥ በጣት ተገፍቶ ይገባል፤ እንዲህ ከገባ ካራቫኑ ሲሄድ ካፑ በሞዞው ውስጥ መሽከርከር ይጀምርና መቀመጫውን ይበላዋል፣ ያኔ ኩሽኔታው ሳይሆን ታምቡሩ በሙሉ ይጣላል። ትልቁን ካፕ በጠባቡ ሞዞ ለማስገባት የሚመታ ደግሞ ሞዞውን ይሰነጥቃል። ትንሹ ኩሽኔታም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ኤል ኤም 12710 ካፕ 45.237፣ ኤል ኤም 12711 ደግሞ 45.974 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የኮኑን ቁጥር ካነበቡ በኋላ የካፑንም ማንበብ ግዴታ ነው።

ካራቫኑ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ወይም አክስሉ በአሜሪካ መለኪያ የተሠራ ከሆነ እነዚሁ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ይጠብቁዎታል። በዚያ በተለመደው የ3,500 ፓውንድ አክስል፣ ማለትም 1,588 ኪሎ ግራም ገደማ በሚሸከመው ላይ፣ ትንሹ ኤል 44649 ከኤል 44610፣ ትልቁ ኤል 68149 ከኤል 68111 ጋር ነው። በ5,200 ፓውንዱ ላይ ደግሞ ኤል ኤም 67048 ትንሹ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል፤ ትልቁ 25580 ከ25520 ካፕ ጋር ነው። ልብ ይበሉ፣ በአውስትራሊያው ኤል ኤም ቤተሰብ ትልቁ የነበረው 67048 እዚህ ትንሹ ሆኗል። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ «የእኔ እንዲህ ዓይነት አክስል ነው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ኤል 44643 እና ኤል 44649 አንድ ዓይነት ካፕ ይጋራሉ፤ የመጀመሪያው 25.4፣ ሁለተኛው 26.988 ሚሊሜትር ዘንግ ይቀበላል፤ የመጨረሻዋ ቁጥር 3 ትሁን 9 ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ቁጥሩ ሲጠፋ

ኩሽኔታ ተቃጥሎ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ዝገት ከበላው ቁጥሩ ላይነበብ ይችላል። የኮኑ ቁጥር የሚገኘው በቀለበቱ ጠባብ ግንባር ላይ ስለሆነ በመጀመሪያ ግራሶውን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ ብርሃን ከጎን እያበሩ ይሞክሩ፤ ከፊት የማይታየው ፊደል ከጎን በሚመጣ ብርሃን ጥላ ጥሎ ይወጣል። የካፑ ቁጥር በሰፊው ወይም በጠባቡ ጠርዝ ላይ ስለሚሆን ካፑ እስኪወጣ ድረስ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በሌላኛው ጎማ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ደህና ከሆነ እርሱን ማንበብ ይሻላል፤ ሆኖም ቀድሞ የነበረ ባለቤት አንዱን ወገን ብቻ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል መለካቱ አይቀርም።

የሚለካው ዘንጉ ነው። ትንሹ ኮን በሚቀመጥበት፣ ትልቁ ኮን በሚቀመጥበት፣ እንዲሁም የኦይል ሲሉ ከንፈር በሚነካው ትከሻ ላይ በካሊፐር ይለኩ፤ እያንዳንዱን ቦታ አንዴ በአግድም፣ አንዴ በቁም ይለኩት። ኮኑ በዘንጉ ላይ በእጅ እንዲንሸራተት ተደርጎ ስለሚሠራ ዘንጉ ከኮኑ ቀዳዳ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ያንሳል፤ 31.72 ካነበቡ የሚፈልጉት 31.75 ነው፣ 21.95 ካነበቡ 21.986 ነው። ልኬትዎ ከሚታወቁት ቁጥሮች በግማሽ ሚሊሜትር ከራቀ ወይም በአግድምና በቁም የተለያየ ካሳየ ዘንጉ ተበልቷል ማለት ነው፤ በዚህ ዘንግ ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከዘንጉ በኋላ ካፑ ወጥቶ ከሆነ የሞዞውን ቀዳዳ ይለኩ፤ ቁጥራቸው በ10 እና በ11 የሚያልቁትን ካፖች የሚለየው እርሱ ነው።

ኦይል ሲል ሲመረጥ

ብዙ ሰው ለኩሽኔታው ተጨንቆ ኦይል ሲሉን በግምት ይገዛል። ካራቫን ግን ከመኪና የሚለየው ለወራት ቆሞ የሚቆይ መሆኑ ነው፤ በዚያ ጊዜ በኦይል ሲሉ በኩል የገባ እርጥበት ሮለሮቹ ባረፉበት መስመር ላይ ዝገት ያወጣል፣ ያ ዝገት በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ኦይል ሲል የሚጠራው በሦስት ልኬት ነው፤ የሚቀመጥበት ዘንግ፣ የሞዞው ቀዳዳና ወርዱ። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸመው ስህተት የአሮጌውን ኦይል ሲል ቀዳዳ ለክቶ ያንን እንደ ዘንግ ልኬት መውሰድ ነው። ከንፈሩ ዘንጉን ጨብጦ እንዲይዝ ከዘንጉ አንሶ ስለሚሠራ፣ ካረጀም በኋላ ስለሚላላ፣ ልኬቱ አያገለግልም፤ ትከሻውን ይለኩ። ለምሳሌ ቀደም ሲል በጠቀስኩት የ3,500 ፓውንድ አክስል ላይ ዘንጉ 43.66፣ ቀዳዳው 65.15 ሚሊሜትር የሆነ ኦይል ሲል ይገባል፤ ይኸው ዘንግ ትልቁ ኩሽኔታ ከሚቀመጥበት ከ8 ሚሊሜትር በላይ ይሰፋል። ከኩሽኔታው ቁጥር ተነስቶ ኦይል ሲሉን መገመት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓይነት ደረጃ ምርጫው በአራት ምልክቶች ይጠቃለላል። «ኤስ» አንድ ከንፈር፣ «ቲ» ዋናውን ከንፈርና አቧራ የሚከለክል ሁለተኛ ከንፈር ያለው ነው፤ «ሲ» ውጩ በጎማ የተለበጠ፣ «ቢ» ውጩ ብረት የሆነ ነው። ቲ ሲ፣ ቲ ቢ፣ ኤስ ሲና ኤስ ቢ የሚባሉት ከእነዚህ የተገጣጠሙ ናቸው። ለካራቫን ሁለት ከንፈር ያለውን ብቻ ነው የምመክረው፤ የአውስትራሊያ ቀይ አቧራ ባለ አንድ ከንፈሩን በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ሞዞው ንጹሕና ጭረት የሌለበት ከሆነ ብረት የለበሰው ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀዳዳው ጭረት ካለበት በጎማ የተለበጠው ክፍተቱን ይሞላል። የጎማው ዓይነት የተለመደው ናይትራይል ሆኖ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል፤ ቫይተን የሚባለው እስከ 200 ይደርሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በረጅም ቁልቁለት በፍሬን የሚወርድ ከባድ ካራቫን ካልሆነ ናይትራይሉ ይበቃል።

አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ጥፍርዎን በትከሻው ላይ አግድም ያንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝ ቀለበታማ ጭረት ካለ አሮጌው ከንፈር ዘንጉን በልቶታል፤ በዚያው መስመር ላይ የሚቀመጥ አዲስ ኦይል ሲል ከመጀመሪያው ቀን ይፈስሳል። መፍትሔው ቀጭን የብረት እጅጌ በዘንጉ ላይ ማልበስ ወይም፣ ቦታ ካለ፣ ኦይል ሲሉን ከቀድሞው መስመር ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ጥቅል፣ ለየብቻ፣ የአምራች ስም

በአንድ ሳጥን ሁለቱንም ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲል፣ ኮፒሊያና ቆብ የያዘ ጥቅል ምቹ ነው፤ ነገር ግን የሳጥኑን ጽሑፍ አምነው አይክፈሉ፣ ከፍተው በውስጡ ያለውን የእያንዳንዱን ኮንና ካፕ ቁጥር ያንብቡ። ቲምከን፣ ኤስ ኬ ኤፍ፣ ኮዮና ኤን ቲ ኤን በአንድ ቁጥር ስር የሚሸጡት ኩሽኔታ በልኬት አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መግዛት ይቻላል። አሮጌ ካፕ ላይ አዲስ ኮን ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አዲሶቹ ሮለሮች በተበላው መንገድ ላይ ሄደው በአጭር ጊዜ ይበላሻሉ። በታወቀ ስም የተሸፈነ ሐሰተኛ ኩሽኔታም በገበያ አለ፤ ኤስ ኬ ኤፍ ገዢዎች ምርቱን የሚያጣሩበት የስልክ መተግበሪያ ያዘጋጀው ለዚሁ ነው። ለራሴ የምገዛው ኩሽኔታውን ለየብቻ ከታወቀ አምራች፣ ኦይል ሲሉን ደግሞ በትከሻው ልኬት ነው።

ተጠባባቂ ስብስብ ይዘው ለሚጓዙ የማክለው አንድ ነገር አለ። የተገዛውን ትርፍ ኮን ሳጥኑ ውስጥ እንደታሸገ ከመጫንዎ በፊት፣ ጎማው ለዓመታዊ ጽዳት በተፈታበት ዕለት በራሱ ዘንግ ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ ካፑንም ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው በካሊፐር ይለኩት። ከዚያ ኮኑን በግራሶ ሞልተው በፕላስቲክ ጠቅልለው ያኑሩት። የአራቱን ቁጥሮችና የኦይል ሲሉን ሦስት ልኬቶች በማይለቅ ቀለም ጽፈው በካራቫኑ የቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጥፉ፤ መንገድ ላይ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ቢበላሽብዎ የሚረዳዎ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ወረቀት ነው።